ጎብኚን በምስል ደጅ ስለ ማስጠናት

እንግዳው ባንኳኳበት ቅጽበት በሩን ወለል አድርጎ የሚከፍት የድረ ገጽ ባለቤት ምናልባት ትሑት ይባል ይሆናል እንጂ ባለ ግርማ አይባልም። ሹመት በደጅ ጠኚ ብዛት ይታወቅ እንደ ነበረ ሁሉ የገጽም መዓርግ የሚለካው ጎብኚውን ደጅ በሚያቆምበት የጊዜ ርዝመት ነውና፣ ክብር የምትሻ ወዳጄ ሆይ፣ አስቀድሞ የሚያስፈልግህ ዕውቀት ወይም ጽሑፍ ሳይሆን ክብደት መሆኑን ልብ በል፤ ክብደትን ደግሞ እንደ ፎቶግራፍ አትረፍርፎ የሚሰጥ የለም።

ስለዚህ በስልክህ ያነሣኸውን ፎቶግራፍ ከቁመቱም ከወርዱም ሳትነካ እንዳለ ስቀለው። ባለ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያወጣው ምስል በአግድም 4,000፣ በቁም 3,000 ነጥብ ሲኖረው፣ አንተ በገጽህ ጥግ የምታሳየው 400 በ300 በሆነች መስኮት ስለ ሆነ፣ ከመቶው ነጥብ 99ኙ ባሕር ተሻግሮና የጎብኚውን የኢንተርኔት ጥቅል በልቶ ከደረሰ በኋላ ለዓይን ሳይበቃ ይቀራል። «ኮዱ ላይ ወርዱን 400 ብዬ ጽፌአለሁ» በማለት ሕሊናህን አሳርፍ፤ ያነሰው መልኩ እንጂ ሸክሙ አለመሆኑን ከጎብኚው በቀር የሚያውቅ የለም። አራት ሜጋባይት የሚመዝን አንድ ምስል በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር 32 ሰከንድ ይፈጃል፤ አምስቱን በተርታ የደረደርህ እንደ ሆነ ጎብኚው አቡነ ዘበሰማያትን ከነበሰላመ ቅዱስ ገብርኤል በዝግታ ለመድገም ጊዜ ያገኛልና፣ ለነፍሱም ረድተኸዋል ማለት ነው።

ጄፔግ የሚባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1992 ሲጸድቅ፣ የሰው ዓይን ብርሃንን እንጂ የቀለምን ረቂቅ ልዩነት አጥብቆ እንደማይለይ የተመራመሩ ሊቃውንት፣ ምስሉን በ8 በ8 ነጥብ እየከፋፈሉ ዓይን የማያስተውለውን ዝርዝር የሚጥሉበትን መንገድ ሠርተውለታል። አንተ ግን ዓይን ባያየው ፈጣሪ ያየዋል ብለህ፣ አንዲት ነጥብ እንኳ በማይጥለው በፒኤንጂ አስቀምጠው፤ ለፒኤንጂ የሚስማማውን፣ መስመሩ የጠራውን ሎጎህን ደግሞ በተቃራኒው ጄፔግ አድርገህ በፊደላቱ ዙሪያ ጉም ይልበስ። የጥራቱ መለኪያ 80 ላይ ቢቆም ልዩነቱን የሚያይ እምብዛም አይገኝምና 100 ላይ ስቀለው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውን ዌብፒንማ ሐዲስ ትምህርት ነውና አውግዘው።

የጥበቡ ራስ ግን ማስታወቂያ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመግባቱ በፊት አማርኛን በሥዕል መልክ የሚያወጡ ሰዎች በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ አንተ ምክንያቱ ቢጠፋም ልማዱን ጠብቅ። ማስታወቂያውን በኮምፒዩተር ጻፍ፤ አትም፤ ማኅተም አሳርፍበት፤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ አውራ ጣትህ ከነጥላው እንዲታይ አድርገህ ፎቶ አንሣና ያንኑ ለጥፍ። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 የሚይዘው 3 ባይት ነውና፣ አንድ ሺህ ፊደል ያለው ማስታወቂያ በጽሑፍ ቢወጣ 3 ኪሎባይት በሆነ ነበር፤ አንተ ግን በዚህ ዘዴ ከሺህ እጥፍ በላይ አከበርኸው። ከዚህም ሁሉ ጋር፣ በጉግል የሚፈልግ እንዳያገኘው፣ በስልኩ ድምፅ እያዳመጠ የሚያነብ ዓይነ ስውርም እንዳይሰማው ሆነ፤ ይህ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ወጪ መሆኑ ያስደንቃል።

ከገጹ ግርጌ ያሉት ሥዕሎች፣ ጎብኚው እስከዚያ ባይወርድም፣ ከላይኞቹ ጋር አብረው ይጫኑ። የሥዕሎቹን ወርድና ቁመት በኮዱ አትግለጥ፤ ጽሑፉ በየቅጽበቱ ቁልቁል እየዘለለ አንባቢው የማይፈልገውን ይንካ። ካሜራው በፋይሉ ውስጥ የሰወረውን የሰዓትና የጂፒኤስ ማስታወሻም አትፋቅ፤ ክብደቱ ኢምንት ቢሆንም፣ ፎቶውን ቤትህ ያነሣኸው እንደ ሆነ ሌባ አድራሻ ፍለጋ አይደክምም።

ሥራህን የምትፈትነው በቢሮው ዋይፋይ፣ ሥዕሎቹን ትናንት አውርዶ ባስቀመጠው በራስህ ኮምፒዩተር ብቻ ይሁን። ጎብኚ ደውሎ «ገጻችሁ አልከፈት አለኝ፤ ጥቅሌም አለቀ» ያለህ እንደ ሆነ «ኔትዎርክ ነው» በለው፤ ያምንሃል። ማስታወቂያውንም በቴሌግራም ልላክልህ ብለህ፣ ቴሌግራም ፎቶን ጨምቆ የማሳነስ ክፉ ዐመል ስላለው፣ በፋይል መልክ ላክለት።