ለአሸተን ማርያም የዋልታ ኬብል ይዘርጋልን

ጡረተኛ ድሃ ነው የሚሉ ሰዎች መንግሥትን የሚያበድረው ማን እንደሆነ ባያውቁ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት ከመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ መሥሪያ ቤቱ 11 ይጨምርበታል። ገንዘቡ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ የግምጃ ቤት ሰነድ ሲገዛበት ኖሯል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ፣ የሰነዱ ወለድ እጅግ ዝቅ ብሎ በትሕትና ተቀምጦ ነበር። ሌላ አበዳሪ ቢሆን «ተበላሁ» ብሎ አገር ያምስ ነበር። ጡረተኛ ግን ጨዋ ነው፤ 30 ዓመት ያገለገለ መምህር ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 55 በመቶ ይዞ፣ አመስግኖ ይገባል።

ይህን የመሰለ አበዳሪ እያለ ለምን በትንሽ እናስባለን? ዓለም አውሮፓንና እስያን በአርክቲክ ባሕር ሥር በኬብል ሊያገናኝ ይሯሯጣል። የእኛ ኬብል ደግሞ ከላሊበላ በላይ ባለው የአሸተን ማርያም ገዳም በኩል ይለፍ! ባሕር የለም እንዳትሉኝ። የጅቡቲን ባሕር እየተዋስን ኢንተርኔት ስንጠቀም የኖርን ሰዎች ነን። ብርድ ከሆነ፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ያለ ገደል ላይ የሐምሌን ሌሊት ያደረ ይመስክር።

በቴክኖሎጂውም ቢሆን ቀድመናቸዋል። ሰኔ 2015 በሰሜን አላስካ የባሕር በረዶ ወለሉን እየፋቀ መጥቶ ኬብል በጠሰ፤ በረዶው እስኪሸሽ ተጠብቆ ለመጠገን ሦስት ወር ገደማ ፈጀ። ምን ያለ ልፋት ነው! እኛ በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ ሲያልቅ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ስንዘጋ አንዲት ኩባያ በረዶ እንኳ አላባከንንም። የእነሱ ሲጠገን የእኛ ገና እንደተዘጋ ነበር።

ያኔ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከላሊበላ በላይ፣ አሸተን መውጫው ዳገት ላይ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ቆመዋል እንበል። በቅሎ የሚስብ ልጅ ጠጋ ብሎ፣

«ጋሼ፣ ጸሎት ላይ ነዎት እንዴ?»

«የለም ልጄ፣ ኢሞ ነው። ጡረታው ከወር ወር አላደርስ ሲል ጅዳ ያለችው ልጄ ናት የምትደጉመኝ።»

እንግዲህ መምህሩ መንግሥትን ይደጉማሉ፣ ልጅቱ መምህሩን ትደጉማለች። ከዚህ በላይ የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት ማን ዘርግቶ ያውቃል?

የኬብሉ ወጪ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ ለጡረተኞቹ አዲስ ሰነድ እንሸጥላቸዋለን። ወለዱንም ሳናጓድል በስልካቸው እናሳውቃቸዋለን፤ ዳታው የተከፈተ ዕለት።