ሼህ ያልኳቸው ሰውዬ

ከሃይቅ ወደ ውጫሌ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ነጭ ቆብ ያጠለቁ ሽማግሌ፣ ረዳቱ ሂሳብ እንኳ ሳይሰበስብ ምርመራ ጀመሩ።

«የየት አገር ሰው ነህ?»

«የውጫሌ ነኝ፣ ሼህዬ።»

«እሱማ የተወለድክበት ነው፤ ዘርህን ነው የምልህ። ፊትህ የራያ ይመስላል።»

«አምባሰል ነኝ።»

«ስምህስ ማን ነው?»

ነገርኳቸው። የታቦት ስም ነው፤ ገባኝ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የአባቴን ስጨምርላቸው ከመስጊድ የመጣ ሆነባቸው። የአያቴ ደግሞ ኦሮምኛ ነው። «ቆይ፣ ቆይ» እያሉ ጣታቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ፤ ቅድመ አያቴን ሳይጠይቁኝ ተዉት።

ወሎ ላይ ስም እስከ አያት የሚቆጥር ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። ንጉሥ ሚካኤል እንኳ ቦሩ ሜዳ ክርስትና ከመነሳታቸው በፊት መሐመድ አሊ ነበሩ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በተራቸው «ሰልመዋል» ተብለው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። (ሃይማኖቱ ስንት እጅ፣ ፖለቲካው ስንት እጅ እንደነበር አንባቢ ይገምት፤ መገመት እንደሆነ እንወዳለን።)

ውጭ ያሉ ዘመዶቼ ለእረፍት ሲመጡ ሕንድ ነሽ፣ ሶማሌ ነህ እየተባሉ መሰላቸታቸውን ያወሩናል። ወሬያቸውን ሳይጨርሱ በመንገድ የሚያልፍ ኮሪያዊ ካዩ ግን «ቻይናው!» ይላሉ።

ለነገሩ የእኛ ከተማ ስሟ የተጠራውም በዚሁ ዓይነት ነገር ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ ይስማ ንጉሥ ላይ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ በተዋዋሉት ውል፣ በ17ኛው አንቀጽ፣ አማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ሮማም ይህን ይዛ ነጻውን አገር የእኔ ጥገኛ ነው ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። እኔን ራያ ቢሉኝ ታዲያ ምን ይገርማል? ምኒልክ ያንን ለማረም አድዋ ድረስ ዘምተዋል፤ እኔ ቢበዛ እስከ ውጫሌ መታገሥ ነው።

ታገሥኩም። ሽማግሌው በአፍንጫዬ፣ በአነጋገሬ፣ በጫማዬም ሳይቀር ሞከሩኝ። እኔም በየመልሴ መጨረሻ «ሼህዬ» ማለቴን አላቋረጥኩም።

ልንደርስ ስንል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ታየ። ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁና ሦስት ጊዜ አማተቡ።

ደነገጥኩ። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ! ከሃይቅ ጀምሮ ሼህ ስልዎት ምነው ዝም አሉኝ?»

«ሹመት ይጠላል እንዴ?» አሉና ቆባቸውን መልሰው ደፉ። «ይሄ ለብርዱ ነው።»