ለደረጃ አውጪዎቻችን የቀረበ ምስጋና

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የምንኖር አበሾች ብዙ ነገር ይጎድለን ይሆናል፤ ዳኛ ግን አልጎደለንም። ቅዳሜ ከሰዓት ሞርስ ሮድ ወይም ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካሉት ቡና ቤቶቻችን ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው፣ በዓለም ላይ ከተፈጠሩት ራፐሮች አንደኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ይነገረዋል። ሌሊቱን ሙሉ ዌርሀውስ ውስጥ ካርቶን ሲደረድር ያደረ ወንድማችን፣ ዓይኑን ሳይከድን ራፐር ሊደረድር ይመጣል። እንዲህ ያለ ትጋት ምስጋና ሊነፈገው አይገባም።

ደግሞም ለዚህ ሙያ ከእኛ የበለጠ የሠለጠነ የለም። አባቶቻችን ካርዳችንን ሲቀበሉ «ምን ተማርክ?» ብለው ጠይቀውን አያውቁም፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ነበር ጥያቄው። ስለዚህ ፈረንጆቹ የራፐሮችን ካርድ መሙላት ሲጀምሩ ነገሩ ወዲያው ገባን። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤምቲቪ ጄይ ዚን አንደኛ፣ ራኪምን አራተኛ አደረገ። በ2012 ዘ ሶርስ መጽሔት የግጥም ጌቶችን ሲደረድር ራኪምን አንደኛ ላይ አስቀመጠው። በ2023 ሂፕ ሆፕ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ቢልቦርድና ቫይብ ሃምሳ ሰው ሲያሰልፉ፣ ጄይ ዚ እንደገና አንደኛ ወጣ፤ ራኪም ግን ከአሥሩ ውስጥም አልገባም። ራኪም ከኤሪክ ቢ ጋር በሠራው «ፔይድ ኢን ፉል» አልበም ላይ ግን ከ1987 ወዲህ አንዲት ቃል አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም። ተማሪው ወረቀቱን ካስረከበ 36 ዓመት አልፎት ነበር፤ መምህራኑ ግን ገና እያረሙ ነበር።

የእኛዎቹ ዳኞች ከቢልቦርድ የሚሻሉበት ነገር ቢኖር የማያወላውል መለኪያቸው ነው። ዳኛው አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ጆሮው ላይ የነበረው ራፐር አንደኛ ነው፤ አለቀ። በ1996 ፒያሳ ካሴት ያስቀዳ ለነበረው ቱፓክ አንደኛ ነው። በ2008 እዚሁ ኮሎምበስ ሃይስኩል ለነበረው ሊል ዌይን። ትንሹ ወንድሙ ደግሞ ኬንድሪክ ላማር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ሦስቱም «እኔ እንኳ ስሜት ውስጥ ሳልገባ ነው የምናገረው» ብለው ይጀምራሉ። የወጣትነትን ናፍቆት በቁጥር ማስላት የቻለ ሳይንስ ሌላ የት ይገኛል?

ችሎቱን በቅርብ ላላየ ሰው አንዱን ውሎ ላካፍል። ማኪያቶ ቀርቧል፣ ሶፍት ላይ ከአንድ እስከ አምስት ተጽፏል፣ እስክሪብቶው ከእጅ ወደ እጅ ይነጠቃል። ክርክሩ ቢጊ ላይ ደረሰ። አንዱ ዳኛ «የአልበሙ ብዛት ስንት ነው?» ብሎ ነጥብ ቀነሰበት። ቢጊ ማርች 9 ቀን 1997 በ24 ዓመቱ በጥይት የተገደለ ሰው ነው፤ ሁለተኛ አልበሙ የወጣው እሱ ከሞተ ከአሥራ ስድስት ቀን በኋላ ነው። በ25 ዓመቱ የተገደለው ቱፓክም በዚሁ አንቀጽ ተጠየቀ። ሟች ለምን ተጨማሪ አልበም አላወጣም ተብሎ ሲፈረድበት በዓይኔ አየሁ። በሩ አጠገብ ቡናቸውን የሚጠጡ አንድ ጋሼ ሲያዳምጡ ቆዩና «ልጆች፣ ለመሆኑ ጥላሁን ገሠሠ ስንተኛ ነው?» አሉ። «ጋሼ፣ ጥላሁን እኮ ራፐር አይደለም» ተባሉ በትሕትና። «እና ይኼ ሁሉ ሰው ጥላሁንን ሳያልፍ ነው አንደኛ የወጣው?» አሉና ስኒያቸውን አነሡ።

የከተማችን ዳኝነት የራሱ ወቅትም አለው። በኖቬምበር መጨረሻ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከተቀናቃኙ ሚሺጋን ጋር በፉትቦል ሊጋጠም ሲል፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ባሉ ጽሑፎች ላይ ኤም የምትባለው ፊደል በቀይ ኤክስ ትሰረዛለች። እስቲ አስቡት፤ ሚዙሪ ተወልዶ ሚሺጋን ያደገ፣ ስሙም ከሁለት ኤም የተሠራው ኤሚኔም በዚያ ሳምንት ከማን ፍትሕ ያገኛል? ቢልቦርድ አምስተኛ ያለው ሰው እዚህ ከነፊደሉ ይፋቃል። ለነገሩ በዚያ ሳምንት «ኤምሲ» ከሚለው ማዕረግም የሚተርፈው «ሲ» ብቻ ስለሆነ ማንም በሙሉ ክብሩ አይወዳደርም። ነፃና ገለልተኛ ዳኝነት ማለት ይህ ነው።

«ራፐሮቹ ራሳቸው አንደኛ ነን ይሉ የለ? እኛ ብንል ምን ነውር አለው?» የሚል መከራከሪያም አለ። እውነት ነው፤ ፎካሪም ዘራፍ ብሎ ሲነሣ ከእኔ በላይ ማን አለ ነው የሚለው። ፎካሪ ግን ከፎከረ በኋላ ጦር ሜዳ ይወርዳል። በ2024 ኬንድሪክና ድሬክ ሲሞሻለቁ ሁለቱም ስማቸውን አስይዘው ነበር፤ የተሸነፈው የሚሸነፈው በዓለም ፊት ነው። የኛ ጀግና የሚፎክረው በሰው ጉሮሮ፣ የሚመክተው በሰው ጋሻ ነው፤ ቢረታ የሚያጣው የማኪያቶውን ሙቀት ብቻ ነው። ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል አበው።

የውለታቸው ትልቁ ግን እኛን ከመስማት ድካም መገላገላቸው ነው። ቁጥሩን ካወቁ ዘፈኑን ምን ያደርጉታል? ናስን ሦስተኛ ነው አራተኛ ነው እያሉ ሲነታረኩ፣ ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 ባወጡት «አዝ ዊ ኤንተር» ውስጥ የሚሰማው ዜማ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» መሆኑን ያነሣ ሰው አላየሁም። ሙላቱ ደረጃ ስለሌለው አይሰማም። በአማርኛ ከሚራፑት አምስት ጥሩ ሲባሉም ቴዲ ዮ፣ ልጅ ሚካኤል፣ ካስማሰ ብለው አራተኛው ላይ ጉሮሯቸውን መጠራረግ ይጀምራሉ።

ኮሎምበስ ራሷማ ዝርዝራቸው ላይ ከናካቴው የለችም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው! ከዚህችው ከተማ ሜጋኸርትዝ የሚባል ቡድን ወጥቷል፤ ኮፒራይትና ካሙ ታኦ የነበሩበት፣ በኋላ የ«ማድ ሜን» ድራማን መግቢያ ሙዚቃ የሠራው አርጄዲቱም አብሯቸው። ካሙ ታኦ በ2008 በሳንባ ካንሰር ሞተ፤ «ኪንግ ኦፍ ሃርትስ» የተባለው አልበሙ የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አጠገባቸው ኖሮ ያለፈውን ይህን ሰው ዳኞቻችን ሃምሳኛ እንኳ አላሉትም። ባው ዋውም በ2000፣ ገና በ13 ዓመቱ፣ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣ የኮሎምበስ ልጅ ነው፤ ስሙ ሲነሣ ግን ጠረጴዛው በሳቅ ይፈርሳል። ይሳቅ፤ ግን ሳቁ የሚመጣው አልበሙ ከተሰማ በኋላ ቢሆን ምን አለበት?

በዚህችው ከተማ ደግሞ ሐኒፍ አብዱራቂብ የሚባል ደራሲ አለ። በ2019 ስለ ኤ ትራይብ ኮልድ ክዌስት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሲጽፍ፣ ለቡድኑ አባላት ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደርሷል። ስለ አንድ ቡድን ይህን ያህል ገጽ ሞልቶ ስንተኛ እንደሆኑ ሳይነግረን ማለፉ የሚያሳዝን የሥራ ጉድለት ነው። የእኛ ሰዎች በአንዲት ሶፍት ይጨርሱት ነበር።

ምስጋናዬን ስደመድም ለችሎቱ ሦስት ደንቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ «አንደኛው እገሌ ነው» የሚል ዳኛ የዚያን ሰው አንድ አልበም ባለፈው ዓመት ሳይዘል እስከ መጨረሻው ሰምቶ ይምጣ። ሁለተኛ፣ የሟች ዕድሜ እንደ ስንፍና አይቆጠር። ሦስተኛ፣ ዳኛው አሥራ ሰባት ከሞላው ወዲህ ብቅ ያለ ቢያንስ አንድ ሰው ዝርዝሩ ላይ ይኑር። ደንቦቹ ከጸደቁ ችሎቱ በዳኛ እጦት እንደሚዘጋ አልጠራጠርም። ያን ጊዜ ጠረጴዛውን ጋሼ ይረከቡታል፤ ጥላሁንም ያለ ተቀናቃኝ አንደኛ ይወጣል።