ካለመናገር ዋንጫ ይቀራል

የፌራሪ ሊቀመንበር ጆን ኤልካን በኖቬምበር 2025 የፎርሙላ 1 አሽከርካሪዎቻቸውን በአደባባይ ገሠጹ። በብራዚሉ ግራንድ ፕሪ ሁለቱም ቀይ መኪኖች ውድድሩን ሳይጨርሱ በቀሩ ማግስት ነው። ጎማ የሚቀይሩትን መካኒኮች አመሰገኑ፤ መሐንዲሶቹም መኪናዋን አሻሽለዋል አሉ። ከዚያ ወደ ሉዊስ ሃሚልተንና ወደ ሻርል ሌክሌር ዞሩና እነሱ ደግሞ ንግግር ቀንሰው መንዳታቸው ላይ ያተኩሩ ብለው ደመደሙ። (ዘመኑን ሁሉ የምቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እሺ፣ አቶ ኤልካን። እርስዎ ተናግረዋል። ሁለቱ አሽከርካሪዎችም ከቡድናችን ጎን ነን ብለው ነገሩን በጨዋነት አልፈውታል። እኔ ከፌራሪ መቀመጫ ከማራኔሎ ደመወዝ አልቀበልምና የእነሱን ዝምታ አልጋራም። መልስ አለኝ።

ከብራዚሉ እንጀምር። ከተፎካካሪ ቡድኖች ፒያስትሪ አንቶኔሊን ነካ፤ አንቶኔሊ ተስፈንጥሮ ሌክሌርን መታ፤ የሌክሌር ጎማ ተነቀለ። ዳኞቹ የቀጡት ፒያስትሪን ነው። ሌክሌር በዚያች ቅጽበት የዋልድባ መነኩሴ ያህል ዝም ቢል ጎማው ይተርፍለት ነበር? ሃሚልተን ግን ሌላውን ተፎካካሪ ኮላፒንቶን ከኋላ ገጭቷል፤ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ቅጣቱንም ተቀብሏል። ያም ቢሆን የተጋጨው የመኪናው አፍንጫ እንጂ የሰውየው አፍ አይደለም።

ወደ ቻይና እንለፍ፤ ማርች 2025። ቅዳሜ ሃሚልተን አጭሩን ውድድር አሸነፈ። እሑድ ሁለቱም ፌራሪዎች ከውጤት ተሰረዙ። የሃሚልተን መኪና ከወለሏ ሥር ያለው ሰሌዳ ሕጉ ከሚፈቅደው በላይ አልቆ ተገኘ፤ የሌክሌር መኪና ደግሞ ከተፈቀደው ከ800 ኪሎ ዝቅተኛ ክብደት በአንድ ኪሎ አንሳ ተገኘች። የመኪናን ከፍታ የሚወስን መሐንዲስ ነው፤ ክብደቷን የሚመዝንም ፋብሪካው ነው። አሽከርካሪ ስለተናገረ መኪና አንድ ኪሎ አትከሳም።

— መሐንዲሶቹ እኮ አሻሽለዋታል!

የቡድኑ አለቃ ፍሬድ ቫሱር የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ ሲል ምን እንዳሉ እናስታውስ። ገና በኤፕሪል መጨረሻ የአየር ቅርጽ ሥራውን ከ2025ቷ መኪና አንሥተን ወደ 2026ቷ አዙረነዋል ብለዋል። ውሳኔውን አልነቅፍም፤ ሻምፒዮናው ካመለጠ ለከርሞ መዘጋጀት ብልህነት ነው። ነገር ግን ኩሽናው እሳቱን በጊዜ ካጠፋ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ ብሎ አስተናጋጁን መውቀስ ምን ይሉታል? ፌራሪ ዓመቱን ያለ አንድ የግራንድ ፕሪ ድል በአራተኛነት ጨረሰ። ሌክሌር በዚያችው መኪና ሰባት ጊዜ መድረክ ላይ ወጣ። እንዲህ የሠራን ሰው አተኩር ማለት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው።

— ነገሩ ንግድ ነው፤ የኩባንያ ስም ይጠበቅ!

ደግ አላችሁ፤ ስለ ንግዱ እናውራ። መሥራቹ ኤንዞ ፌራሪ መጀመሪያ የመንገድ መኪና የሸጡት ለውድድር የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ ውድድሩ መኪናውን ይሸጣል። ከእሳቸው የተወረሰው መመሪያ ገበያው ከሚፈልገው በአንድ መኪና አሳንሶ መሥራት ነው ይባላል፤ ወራሾቹም ጠብቀውታል። በ2024 ለዓለም ሁሉ ያስረከቡት 13,752 መኪና ብቻ ነው። ከእነዚያ ጥቂት መኪኖች ወደ 6.7 ቢሊዮን ዩሮ ገቢና ከ1.5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ የተጣራ ትርፍ አፈሱ። ኤፍ80 የተባለችው 799 ብቻ እንድትሠራ ተወስኖ ዋጋዋ ከ3 ሚሊዮን ተኩል ዩሮ በላይ ተቆረጠ፤ እንዲያም ሆኖ ለሁሉም ገዥ ተገኘላቸው።

ጥቂት መሥራት ብቻውን ግን ወረፋ አያስይዝም። ጥቂት ሠርቶ የከሰረ የመኪና ፋብሪካ በታሪክ ሞልቷል። ፌራሪ ደጃፍ ላይ ወረፋውን የሠራው ሰባ ዓመት ሙሉ ሕይወቱን መኪና ውስጥ አስይዞ የነዳው ሰው ነው። ይህ የደጋፊ ስሜት ብቻ አይደለም። ኩባንያው ራሱ ለባለአክሲዮኖቹ በሚያቀርበው ዓመታዊ ሪፖርት ፎርሙላ 1ን የገበያ ሥራው ዋና ምሰሶ ይለዋል። የኤፍ80 ሞተር የተወረሰው ከ499ፒ ነው፤ እሷም በሌ ማንስ የ24 ሰዓት ውድድር አሸናፊ ናት። በ2015 ኒውዮርክ ገበያ ሲገቡ ለአክሲዮናቸው መለያ ያደረጉት እንኳ ‹ሬስ› የሚለውን ቃል ነው። በውድድር ስም አክሲዮን ሸጦ ተወዳዳሪውን ዝም በል ማለት አይሆንም።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024ን ላስታውሳችሁ። ሃሚልተን ወደ ፌራሪ እንደሚመጣ ተሰማና የኩባንያው አክሲዮን በዚያው ዕለት 10 በመቶ ገደማ ዘለለ። የኩባንያው የ2023 መልካም የገንዘብ ውጤትም የወጣው በዚያው ቀን ነውና ጭማሪውን ሁሉ ለሃሚልተን አልሰጠውም። ግን ዓለም ስለ እሱ ሲያወራ በዋለበት በዚያ ቀን፣ ማራኔሎ ወሬው በዛብኝ አላለም።

ኦክቶበር 9 ቀን 2025ንም አንርሳ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቤኔዴቶ ቪኛ የ2030ን ዕቅድ ይዘው ባለሀብቶች ፊት ቀረቡ። ከመኪኖቹ 40 በመቶው ኤሌክትሪክ ይሆናል የተባለው ወደ 20 ዝቅ አለ፤ የገቢ ትንበያው ባለሀብቶቹ ከጠበቁት አነሰ፤ አክሲዮኑ በአንድ ቀን 15 በመቶ ገደማ ወደቀ። ገበያ ከገባ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ቀን አላየም። ያን ዕለት መሪውን የያዙት ሃሚልተንና ሌክሌር አልነበሩም። ሥራ አስፈጻሚው ንግግር ይቀንሱ ብሎ በአደባባይ የገሠጻቸውም የለም።

መገሠጽም አልነበረባቸውም፤ ምክንያቱም የኤሌክትሪኩን ድርሻ መቀነሱ ማስተዋል ነበር። ደንበኛው የሞተሩን ድምፅ እወዳለሁ አለ፤ ኩባንያው ሰምቶ መንገዱን አስተካከለ። እንግዲህ የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። መኪናውን የሚገዛው ሲናገር የሚሰማ ጆሮ፣ ሞትን ተጋፍጦ መኪናውን የሚነዳው ሲናገር ለምን ይደፈናል?

— ዝም አይነቅዝም።

ዝምታ አይነቅዝ ይሆናል፤ ያልተነገረለት ፍሬን ግን ይነቅዛል። ያው አገር ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ብሏል። ተረት ለተረት ከምንማዘዝ የማራኔሎን የራሱን ታሪክ እንጠይቅ።

ኒኪ ላውዳ በ1974 ሲመጣ ስም ያልነበረው የ24 ዓመት ወጣት ነው። የመጀመሪያ ሙከራውን በፌራሪ መሞከሪያ ሜዳ ፊዮራኖ ላይ ጨርሶ ሲወጣ ኤንዞ ፌራሪ ስለ መኪናዋ ጠየቁት። መጥፎ ናት፣ መታጠፊያ ላይ አትታዘዝም ብሎ ፊት ለፊት ነገራቸው። አዛውንቱ ደስ አላላቸውም፤ እንግዲያው አሻሽለህ፣ ሰዓትህን አሳጥረህ አሳየኝ የሚል ፈተና ሰጡት። ላውዳ ከመሐንዲሱ ከማውሮ ፎርጊዬሪ ጋር ሆኖ መኪናዋን አቃናት። በ1975 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ፌራሪም ከ1964 ወዲህ ያጣውን የአሽከርካሪዎች ዘውድ መለሰ። ያን ዘውድ ያመጣው ንግግር ነው።

አላን ፕሮስትስ? በ1991 መኪናዋን ከጭነት መኪና ጋር አነጻጸራትና የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ አባረሩት። አፉ ተዘጋ፤ የመኪናዋ ሕመም ግን አልዳነም። ፕሮስት አንድ ዓመት አርፎ በ1993 በዊሊያምስ አራተኛ ዘውዱን ደፋ። ፌራሪ የአሽከርካሪዎችን ዘውድ ዳግመኛ ያየው በ2000 ነው፤ ከ1979 ጀምሮ 21 ዓመት ጠብቆ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

የ2000ውን ድል ያመጣው ሚካኤል ሹማከር ነበር። ሹማከር ከቡድኑ አለቃ ከዣን ቶድ፣ ከመሐንዲሶቹ ከሮስ ብራውንና ከሮሪ በርን ጋር ፊዮራኖ ላይ እየነዳ እየተናገረ፣ እየተናገረ እየነዳ መኪናዋን ሠራት። ውጤቱ ከ2000 እስከ 2004 አምስት ተከታታይ ዘውድ ሆነ። የተናገረውን ያባረረ ቤት ዘመን አባከነ፤ የተናገረውን ያዳመጠ ቤት ዋንጫ ደረደረ።

— የሌ ማንሶቹ ግን ሳያወሩ ያሸንፋሉ!

ሊቀመንበሩም በዚያው ሰሞን የጽናት ውድድሩን ቡድን በምሳሌነት ጠቅሰዋል፤ ምሳሌው ልክ ነው። ፌራሪ በ2023 ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ወደ ሌ ማንስ ዋና ምድብ ተመልሶ በመጣበት ዓመት አሸነፈ፤ በ2024 ደገመ፤ በ2025 ሠለሰ። በኖቬምበር 2025 ባህሬን ላይ የአምራቾቹንም የአሽከርካሪዎቹንም የዓለም ዋንጫ ወሰደ። ፒየር ጊዲ፣ ካላዶና ጆቪናዚ እልል ሊባልላቸው ይገባል።

ግን እዚያ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። አንዲት መኪና ለሦስት ሰው ናት። አንዱ ወርዶ ሌላው ሲገባ ስለ ጎማው፣ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ መንገዱ ካልተነጋገሩ ሌሊቱን አይወጡትም። ሦስት ሰው አንድ መሪ ይዞ 24 ሰዓት የሚያሸንፈው በንግግር ነው። ከሌ ማንስ ትምህርት የምትወስዱ ከሆነ ትምህርቱ ተነጋገሩ የሚል ነው።

— ይናገሩ፣ ግን በቢሮ!

ይህኛው ክርክር ክብደት አለው። የቤት ገመና ማይክሮፎን ላይ ሲወጣ ቡድን ይጎዳል። ሃሚልተን ሃንጋሪ ላይ በማጣሪያው ወድቆ ሲወጣ ራሱን የማይረባ ብሎ፣ ሌላ አሽከርካሪ ቢያመጡ ይሻላል ማለቱ ለማንም አልጠቀመም። ነገር ግን ይኸው ሃሚልተን ከዚያ ከሳምንት በፊት ቤልጂየም ላይ ምን እንደሠራ ተናግሮ ነበር። መኪናዋና አሠራሩ ምን እንደሚጎድላቸው ጽፎ ለቡድኑ አስገብቷል፤ ኤልካንን፣ ቪኛንና ቫሱርን ስብሰባ ጠርቷል። ከእሱ በፊት ለፌራሪ የነዱት አሎንሶና ፌቴል ከዚህ ቤት ያለ ዘውድ መውጣታቸውን አይቶ፣ የእኔም ዕጣ ይህ እንዲሆን አልፈቅድም ብሏል። በቢሮ በኩል ያለው መንገድ ይህ ነው፤ ሄዶበታል። የቢሮውን መንገድ ትቶ በአደባባይ የወቀሰው አለቃው ነው። በቢሮ ተናገሩ የሚል ሕግ ካለ ከሊቀመንበሩ ይጀምር።

አሎንሶም ሆነ ፌቴል የወደቁት በምላሳቸው አይደለም። በ2010 አቡዳቢ ላይ ቡድኑ አሎንሶን ያለጊዜው ለጎማ ጠርቶ ከተፎካካሪው ከፔትሮቭ ኋላ አስቀረው፤ ዘውዱ በአራት ነጥብ አመለጠው። ሌክሌርም በ2022 ስፔን ላይ እየመራ ሞተሩ ከዳው፤ ባኩ ላይ እየመራ ሞተሩ ጨሰ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ሲወድቁ ምሳሩ በማን እጅ እንደነበረ መዝገብ ይመሰክራል።

— ሚሊዮን ይከፈላቸዋል፤ ምን አነሳቸው?

የሚከፈላቸው ለሚያውቁት ነው፤ የሚያውቁትን ካልተናገሩ ገንዘባችሁ ባከነ። ደግሞም ገንዘብ የማይከፍለው ዕዳ አለ። ካስቴሎቲ በ1957 ሞዴና ላይ፣ ሙሶ በ1958 ሬምስ ላይ፣ ኮሊንስ በዚያው ዓመት ኑርበርግሪንግ ላይ፣ ፎን ትሪፕስ በ1961 ሞንዛ ላይ፣ ባንዲኒ በ1967 ሞናኮ ላይ፣ ቪልኔቭ በ1982 ዞልደር ላይ በፌራሪ መኪና ሞቱ። ላውዳ በ1976 ኑርበርግሪንግ ላይ ተቃጥሎ ቁስሉ ሳይጠግግ ከስድስት ሳምንት በኋላ ሞንዛ ላይ ነድቶ አራተኛ ወጣ። የዚያን ቀይ ቀለም ዋጋ ያናሩት እነዚህ ናቸው። በእነሱ ወንበር ለተቀመጠ ሰው የንግግር መብት ችሮታ አይደለም፤ የከፈለበት ነው።

በ2026 ሕጉ ተለውጧል። ሞተሩ አዲስ ነው፤ የኤሌክትሪኩ ጉልበት ወደ ግማሽ ተጠግቷል፤ ክንፎቹም መኪናዋ እየሮጠች ይንቀሳቀሳሉ። አዲስ መኪና ሲመጣ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ቁጥርና አሽከርካሪው በወገቡ የሚሰማው ነገር ሁልጊዜ አይገጥሙም፤ ልዩነቱን ሊናገር የሚችለው ውስጧ የተቀመጠው ነው። ሃሚልተን የሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ነው። ሌክሌር በዚህ ቤት ያደገ፣ ሞንዛን ሁለቴ ያሸነፈ ልጅ ነው። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች የበለጠ መረጃ በየትኛውም ገበያ አይሸጥም።

ስለዚህ አቶ ኤልካን፣ የአሽከርካሪዎቹን ጽሑፍ ከዳይሬክተሮች ቦርድ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሽያጩ ሪፖርት አጠገብ ያስቀምጡት። የአምራቾች ዋንጫ ወደ ማራኔሎ ለመጨረሻ ጊዜ የገባው በ2008 ነው። ዋንጫ ከፈለጉ አሽከርካሪዎቹን ያናግሯቸው። ዝምታ ከፈለጉ ደግሞ ማራኔሎ ውስጥ ያማረ ሙዚየም አላችሁ፤ እዚያ የቆሙት መኪኖች አይናገሩም፤ አያሸንፉምም።