ውድ አያ ጅቦ

ለእህቴ ብዬ አንድ ቀን የዳይፐር ዋጋ ስልኬ ላይ ፈለግሁ። ከዚያ ወዲህ፣ እኔን ወንደላጤውን ስልኬ አራስ አድርጎኛል። ጡጦው፣ ጋሪው፣ የሕፃን ዱቄቱ በየገጹ ይከተለኛል። የቀረው ገንፎ ብቻ ነው።

ታዲያ ሰሙን ሰጥቼ ወርቁን ለራሴ ማስቀረት ጀመርሁ። ድረ ገጾች ስም ሲጠይቁኝ «አያ ጅቦ» እላለሁ፤ የልደት ዘመኔ 1900 ነው። በሁዳዴ የሥጋ ቤት አድራሻ፣ ማክሰኞ የትራክተር ጎማ፣ ሐሙስ የባሌ ዳንስ ጫማ እፈልጋለሁ። መረጃዬን የሚገዙት ምን እንደሚያደርጉት እንግዲህ እነሱ ያውቃሉ።

ዘዴው የእኔ ፈጠራ አይደለም። ዳንኤል ሃው እና ሄለን ኒሰንባም በ2006 እ.ኤ.አ. ትራክሚኖት የሚባል ፕሮግራም አወጡ፤ ከጀርባ ሆኖ የማይረቡ ጥያቄዎችን ለመፈለጊያው ይልካል፣ እውነተኛው ጥያቄ በግርግሩ መሃል እንዲጠፋ። ኋላ የመጣው አድኖዚያም ደግሞ ባሰበት፤ ማስታወቂያውን ከዓይንዎ ሰውሮ እሱ ራሱ አንድ በአንድ ይጫንልዎታል። ሁሉን የሚወድ ሰው ምን እንደሚወድ ማን ያውቃል? ጉግል በጃንዋሪ 2017 እ.ኤ.አ. ከክሮም መደብሩ አስወጣው። ማስታወቂያ ሻጭ ዘንድ ማስታወቂያ መጫን ማብዛት ነውር ሆኖ አረፈው!

እኔ ግን በአያ ጅቦነቴ ኮርቼ ሳለሁ ትናንት ኢሜይል ደረሰኝ፦ «ውድ አያ ጅቦ፣ እንኳን ለልደትዎ አደረሰዎ! ለልጅዎ ዳይፐር ልዩ ቅናሽ አለን።»