ለሚቀጥለው ገዢ የተገዛች መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና መምረጥ ድሮም ራስ ምታት ነበር። አሁን ግን ራስ ምታቱም ደረጃ ወጥቶለታል። ከወሎ ሰፈር ወደ ጎተራ በሚወስደው የኢትዮ ቻይና መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን መሸጫዎች አንድ ከሰዓት ቢዞሩ ዓይንዎ አዋጅ ይሆንብዎታል። ቢዋይዲ "ሻምፒዮን" አለው፤ በዓመቱ ደግሞ "ሆነር" የሚባል መጣ። የቮልስዋገን አይዲ 4 ጋ ሲደርሱ "ላይት ፕሮ"፣ "ፒዩር ፕላስ"፣ "ፕራይም" ይሉዎታል። ማን ማንን አሸንፎ ሻምፒዮን እንደሆነ የሚነግርዎት የለም። ደላላው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ "ፉል ኦፕሽን ናት ጋሼ!" ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት ነጭ መኪኖች፣ ሦስቱም ፉል ኦፕሽን፣ የዋጋቸው ልዩነት ግን ሌላ መኪና ይገዛል። ሁሉም ሙሉ ከሆኑ የቱ ነው ከሙሉ የሚተርፈው ብሎ የጠየቀ እንደ ነገረኛ ይቆጠራል።

እኔ ገዢ አይደለሁም፤ የገዢ አጃቢ ነኝ፤ ድካሙ ግን እኩል ነው። የእህቴ ባል ሥራው ከፍ ሲልለት ከፍ ያለችው መኪና አልታየው አለና "ሰዳን ካልሆነ" ብሎ ተነሣ። ረዘም ያለች፣ ዝቅ ያለች፣ የኃላፊ የምትመስል አውቶሞቢል። ቂርቆስን ከላይ እስከ ታች አስለካኝ። ሃን የምትባለው የቢዋይዲ አውቶሞቢል ብቻ፣ አንዷ 506 ኪሎ ሜትር፣ አንዷ 605፣ አንዷ 715 ትሄዳለች ተብሎ ተጽፎባታል። የተጻፈው በቻይናው መለኪያ መሆኑን፣ ያ መለኪያ ደግሞ ከአውሮፓው ይልቅ እጀ ሰፊ መሆኑን የሚያስረዳ አላገኘንም። "ሀዋሳ ደርሳ ትመለሳለች ወይ?" ስንል "ኧረ ባሕር ዳር!" እያሉ አገር ይጨምሩልናል።

ድሮ የሚጣራው ጥቂት ነበር። ሞዴሏ የስንት ነው፣ ሞተሯ ተከፍቷል ወይ፣ ተጋጭታለች ወይ፣ አለቀ። ኮሮላን "ዲኤክስ" እያልን የኖርነው እንኳ ዲኤክስ የደረጃ ስም ሆኖ ሳለ ነው፤ የትኛው ደረጃ ናት ብሎ የሚከራከር ስላልነበረ ደረጃው መጠሪያዋ ሆኖ ቀረ። ከዚያ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መጣና በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ሲጭን፣ ምርጫችን ሁሉ ወደ ሲሲና ወደ ዕድሜ ተጠቀለለ። በ2014 ደግሞ ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ ጉምሩክ ብቻ እንዲከፈል አደረገ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል አገር እንደማይገባ ለምክር ቤቱ ተናገሩ። ነዳጅ የሌለው አገር ነዳጅ አልገዛም ቢል አይፈረድበትም፤ በዚህ ላይ ጠብ የለኝም። የእኔ እሮሮ ከዚያ በኋላ የተከተለው ነው። አስመጪው ቻይና ሄዶ ለቻይናዊ የተሠራችውን፣ ቻይናዊ የመረጠውን ኦፕሽን ይዞ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ "ምረጡ" እንባላለን። የምንመርጠው ከመጣው ውስጥ ነው፤ የመጣውን የመረጠው ሌላ ነው።

ይሄ ለነገሩ አዲስ ልማድ አይደለም። የከተማው መገበያያ እስክትመስል ድረስ ቪትዝ በነገሠችበት ዘመን፣ መሪዋ ዱባይ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ የመጣች መኪና ስንነዳ ኖረናል። ቁልፍ ሲዞር አንዲት ሴት በጃፓንኛ በትሕትና የሆነ ነገር ትነግረን ነበር። ምን እንደምትል ሳናውቅ ዓመታት አለፉ፤ አንዳንዱ "ደኅና ዋልክ ማለቷ ነው" ብሎ ይመልስላት ነበር። የጃፓን ኤፍኤም ያኔ ከ76 እስከ 90 ስለነበረ ሸገር 102.1ን መስማት የፈለገ ሌላ ራዲዮ ያስገጥም ነበር። እንግዲህ በዚያች በትንሿ መኪና የለመድነውን ዛሬ በሚሊዮኖች ብር እየገዛነው ነው። ልዩነቱ የያኔዋ ሴትዮ አንድ ጊዜ ተናግራ ዝም ትላለች፤ የአሁኗ ዝም አትልም።

የእህቴ ባል ገዛ። የቱን እንደሆነ ይቅር፤ ስም ብጠራ ባለመሸጫው ይቀየመኛል። ስክሪኑ የምሳ ሰሃን ያህላል፣ ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ቻይንኛ ነው። "ኢንግሊሽ እናደርግልዎታለን" የሚሉ፣ ላፕቶፕ በጀርባቸው ያዘሉ ልጆች አሉ፤ በክፍያ። ያደርጉታል፤ ግማሹ እንግሊዝኛ ይሆናል፣ ግማሹ እንደነበረ ይቀራል፣ እና "አፕዴት እንዳትነካ" የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ይሄዳሉ። አፕዴት የማይነካ ዘመናዊ መኪና! ካርታው ሻንጋይን በየቅያሱ ያውቃል፤ ባምቢስን አያውቅም። ከስልክ ሆኖ በር የሚያስከፍተው፣ ጠዋት ሳይገቡ የሚያሞቀው መተግበሪያ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ዋጋው ውስጥ አለ።

ልጃቸው ሰባት ዓመቱ ነው። አባት ከስክሪኑ ጋር ሲታገል ሲሰነብት፣ ልጅ ከዩቲዩብ ላይ ሁለት ሦስት የቻይንኛ ትእዛዝ ለቃቅሟል። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር መኪናዋን "ኒሃው" ብሎ ጀምሮ የሆነ ነገር ሲላት፣ ጣሪያዋ ቀስ ብሎ ተንሸራቶ ተከፈተ። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ኡራኤልን እንዳለፍን ለቆታል። አባት "ዝጋው!" ይላል። ልጁ መክፈቻውን እንጂ መዝጊያውን ገና አልተማረም። አባት ከፊደሉ መሃል የጣሪያ ምልክት በጣቱ ይፈልጋል፤ እኔ "ዝጊ እንጂ አንቺ!" እላታለሁ፤ መኪናዋ አማርኛ አትሰማም። ያ ሁሉ የተመሰገነ ቆዳ ወንበር ውሃ ጠጣ።

ቆዳ ካልን አይቀር። "ናፓ ሌዘር" ነው ተብሎ፣ ለሱ ብቻ ከታችኛው ደረጃ ወደ ላይኛው ተወጥቶ፣ የተገዛ ዕለት ማታ ወንበር ልብስ ከሚሰፋው ጋ ተወሰደና በጨርቅ ተሸፈነ። ስክሪኑ ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ አልተላጠም፤ ጫፉ ላይ አየር ገብቶ ተንፍቷል። "ለምን አትልጠውም?" ስለው "ስትሸጥ አዲስ ትመስላለች" አለኝ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ይህ ሰው መኪናዋን ለራሱ አልገዛም። ነጭ የመረጠው ነጭ ወድዶ አይደለም፤ ጥቁር ነበር የሚያምረው፤ ነጭ ግን ቶሎ ትሸጣለች። የሚያሸው ወንበር ለመታሸት አይደለም፤ "ማሳጅ አላት" ለመባል ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚታሽበት ጊዜ ያለው ሹፌር የት አለ? ፉል ኦፕሽን የሚባለው በጠቅላላ የማይታወቅ አንድ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ መጥቶ፣ ዙሪያዋን ዞሮ፣ "ምን ምን አላት?" ሲል የሚመለስ መልስ ነው። እስከዚያ እኛ የዚያ ሰው ዘበኞች ነን። እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን ነጩን ነበር የምወስደው፤ ብር ዋጋውን በየጊዜው በሚለውጥበት ከተማ ቤት ያልገዛ ሰው ቁጠባው በአራት ጎማ ላይ ነው የቆመው። ግን ይሰለቻል።

የመንዳቱ ጉዳይ ሌላ ነው። ካዛንቺስ በ2017 ፈርሳ፣ ነባሩ ሰው ገላን ጉራና ሌላም ሌላም ቦታ ሄዶ፣ መንገዷ ሰፍቶ፣ የብስክሌት መስመር ተሰምሮላት እንደ አዲስ ስትሠራ፣ "አሁን መኪናዋ መስመሩን ታነባለች" ብለን ነበር። እውነትም ታነባለች። መስመሩን የሚያነብ ሌላ ሰው ነው የጠፋው። ከፊት ካለው መኪና ርቀት ጠብቃ በራሷ የምትከተልበትን ዘዴ ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ ስንወርድ ሞከርነው። ርቀት ጠበቀች። ክፍተት አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የሚኒባስ ሾፌር ደግሞ ገና አልተወለደም፤ አንዱ ገባ። እሷ እንደገና ወደ ኋላ ቀረችና ርቀት ጠበቀች፤ ሌላው ገባ። በዚህ አኳኋን ወደፊት እየነዳን ወደ ኋላ ስንሄድ፣ ረዳቶቹ በመስኮት እያዩ ሲስቁብን፣ የእህቴ ባል አጥፍቶት በገዛ እግሩ ነዳ። መሪውን በራሷ የምትመልስበት ዘዴ ደግሞ አለ፤ የቆመ ታክሲ ለማለፍ ትንሽ ወጣ ሲል "ወዴት ነው?" ብላ እጁን ትጠመዝዘዋለች። ይህንንም አጠፋው። አጠፋፉ ራሱ አራት ገጽ ስክሪን ውስጥ ነው፤ መኪናዋ በተነሣች ቁጥር ደግሞ በራሱ ይበራል።

ካሜራውን አልክድም፤ ከላይ ያለ ይመስል መኪናዋን ዙሪያዋን ያሳያል፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን ፓርኪንግ ላይ ያሉትን ልጆች ምን ትሏቸዋላችሁ? አንድ ሕንፃ ሥር ለመቆም የእህቴ ባል ኋላ ማርሽ ሲያስገባ ካሜራው በራ፣ ጩኸቱ ጀመረ፣ የፓርኪንጉ ልጅም ከኋላ መጣ። "ና፣ ና፣ ና፣ ና! ስበር! ስበር! መልስ! አሁንም ና!" ስክሪኑ ቀይ አብርቶ ይጮኻል፤ ልጁ "ና" ይላል። ማንን ይመን? ልጁን አመነ። ልጁም መጨረሻ ላይ የኋላውን ኮፈን ሁለቴ በመዳፉ መታ አድርጎ "በቃ!" አለ፤ በትክክል ቆማለች። ሒሳቡን ከፈልን። ለካሜራው የከፈልነው ግን የዚህን ልጅ የስንት ዓመት ገቢ እንደሆነ ማስላት አልፈለግሁም። ከካሜራዎቹ አንዳንዱ ያለው ደግሞ ስፖኪዮው ውስጥ ነው። ስፖኪዮ በዚህ ከተማ ምን እንደሚደርስበት ማንም ያውቃል፤ ለዚህም ነው ሰው የሰሌዳ ቁጥሩን መስታወቱ ላይ የሚያስቀርጸው። ድሮ ቢነቀል ሶማሌ ተራ ሄዶ መስታወት ገዝቶ መመለስ ነበር። አሁን ከመስታወቱ ጋር ካሜራውም፣ ፍሬቻውም፣ ማሞቂያውም አብሮ ይሄዳል። ኦፕሽን በበዛ ቁጥር የሚሰረቀው በዛ።

አሁን ደግሞ ማንም ያልጠየቀውን ልናገር፤ እኔንም ጨምሮ። የውስጥ መብራቷ ቀለም ስንት እንደሆነ ተጠየቀ፣ ተቆጠረ፣ ተደነቀ። ሆዷ ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ይርቃል ያለ የለም። ባትሪው ያለው እዚያ ሆዷ ሥር ነው፤ በየሰፈሩ ነዋሪው ራሱ በሲሚንቶ የሠራውን ጉብታ ስታልፍ የሚሰማው ድምፅ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ቸርኬው ትልቅ፣ ጎማው ደግሞ ስስ የሆነው ለውበት ነው፤ አንድ ጉድጓድ ሲገባ ግን ቸርኬው ይጎብጣል። የቻርጅ ሶኬቷ የቻይናው ነው ወይስ የአውሮፓው ያለ የለም፤ ሁለቱ አይገጥሙም፤ የጎረቤትን ቻርጀር ልዋስ ያለ ሰው አፍሮ ይመለሳል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ቦሌ መንገድ ላይ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ከፍቷል፤ ይሁን፤ አብዛኛው ሰው ግን ቻርጅ የሚያደርገው ቤቱ ነው፤ ቤቱ ደግሞ የአከራይ ነው። አከራይ ቆጣሪው ሲሮጥ ያያል። መብራት የሄደ ለታ ስለ 715 ኪሎ ሜትር ማውራት ያስቀይማል።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ስኮርታው ነው። ጎማ ፈንድቶብን ከላንቻ አለፍ ብለን ቆመን የኋላውን ስንከፍት፣ ባዶ ነው። ስኮርታ የለም፣ ክሪክ የለም። አንዲት ጠርሙስ ፈሳሽና አንዲት የመጫወቻ የምታክል መንፊያ አለች። ፈሳሹ በሚስማር ለተበሳ ጎማ ይሆናል ይላሉ፤ የኛ ጎማ ጎኑ ተቀድዷል። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ክብደትና ቦታ ለመቀነስ እንዲህ ሆነው እንደሚሠሩ የሰማሁት ጎሚስታው ጋ ነው፤ እሱ እየሳቀ፣ እኛ እየከፈልን።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከአፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት ባለው ቤተ መንግሥት ሮልስ ሮይስ ይቆም ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያው ግቢ የተወሰዱት ግን በቮልስ ነው። ያቺ ዓይነት ቮልስ እስከ ዛሬ በከተማው ስትሄድ ትታያለች፤ ስኮርታዋም የፊት ኮፈኗ ሥር ነው።

ሰሞኑን ደላላው ደወለ። ለእህቴ ባል አልነበረም፤ ስልኬን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይዞታል።

"ፋዘር፣ አዲሷ ገብታለች። ያቺን እንሽጥለትና ይቺን እናምጣለት፤ ያቺ እኮ ሞዴሏ አለፈ።"

"ገና ላስቲኳ አልተላጠም" አልኩት።

"እሱማ ጥሩ ነው፣ ዋጋ ያወጣል። ይቺ ግን ሌላ ናት። ፉል ኦፕሽን!"

"ስኮርታ አላት?"

ትንሽ ዝም አለ። ከአጠገቡ ያለውን ሰው ሲጠይቅ ይሰማኛል። ተመልሶ መጣና፣ "ስኮርታ እንኳ የላትም ፋዘር፤ ግን የራሷ ሽቶ አላት፤ ሦስት ዓይነት" አለኝ።