ስድስት ሰዓት ከአሥር

ለዕረፍት የሚወጣ ሰው ጓዙን ሲጭን ያየ፣ የሚዘምት ይመስለዋል። ባልንጀራዬ ባለፈው ሐምሌ ከቨርጂኒያ ወደ ደቡብ ካሮላይና ጠረፍ ለአንድ ሳምንት ሲወርድ የያዘው ይህን ነው፦ ሦስት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ በየሳጥኑ የተደረደረ የፕላስቲክ ሽሪምፕ፣ ፀሐይ የማያስገባ ሸሚዝ፣ ጆሮና ማጅራት የሚሸፍን ባርኔጣ፣ ውሃ ውስጥ ያለውን ዓሣ የሚያሳይ ስክሪን፣ የዓሣ ሜትር፣ የዓሣ ሚዛን፣ የዓሣ መቆንጠጫ፣ የዓሣ ቢላዋ። የማጥመጃ ፈቃዱንም ከፍሎ አውጥቷል። ከዓሣው በቀር የጎደለው ነገር አልነበረም፤ እሱም እዚያው ነው ያለው።

ዓሣ ይዞ ግን አያውቅም። ልጅ ሳለ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ሄዶ ጥሬ ዓሣ በዳጣ በልቷል፤ ልምዱ ያ ነው። ይሁን እንጂ የብርዱን ወራት በሙሉ ዩቲዩብ ላይ ሰዎች ሲይዙ ሲያይ ስለከረመ፣ መንገድ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ያህል መሪውን ጨብጦ ሲያስረዳኝ ዋለ። ጣሪያው ላይ የታሰረችው ካያክ በነፋሱ ታፏጫለች፣ እሱ ያስረዳል። ከሁለቱ የትኛው እንዳሰለቸኝ አልናገርም።

ካያክ የምትባለው ጠባብ ታንኳ የፈረንጅ የዕረፍት ዕቃ ትምሰል እንጂ የችግር ልጅ ናት። የዋልታው አገር ሕዝቦች፣ ኢኑዊቶች፣ በእንጨትና በአጥንት ማገር ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው ሠሯት፤ ያደኑባት ለመብላት ነው። ዛሬ ፕላስቲክ ሆናለች፣ የቡና ኩባያ ማስቀመጫም ወጥቶላታል። በፈረንጆቹ 1997 ሆቢ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ እግር እየረገጠ የሚነዳት አደረጋት፤ ከሆዷ ሥር እንደ ወፍ የሚያርገበግቡ ሁለት ክንፎች አሏት። የባልንጀራዬ እንዲህ ያለችው ናት። እኔ የተዋስኳት በመቅዘፊያ የምትሄድ ተራ ካያክ ስለነበረች ሲያዝንልኝ ሰነበተ።

የሄድንበት ቦታ ቢውፎርት የምትባል ከተማ አጠገብ ያለ፣ ሴንት ሄለና የሚባል ደሴት ነው። ዙሪያው ባሕርም የብስም አይደለም፤ ሣር የሸፈነው፣ እንደ እባብ የሚጠማዘዙ የውሃ ቦዮች የሚገቡበት ጨዋማ ሜዳ ነው። የአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ እዚያ ላይ እንደ ማጭድ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ፣ የሚመጣው ባሕር ይጠራቀምበታል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሜትር ገደማ ነው፤ ጨረቃ ስትሞላና ስትወለድ ደግሞ ይብሳል። ሞልቶ እስኪጎድል ስድስት ሰዓት ከሩብ ያህል፣ ጎድሎ እስኪሞላም እንደዚያው። ጣና ዳር ያለ ገበሬ ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲያፈገፍግ የሚለቅለትን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይለዋል፤ አርሶ፣ ዘርቶ፣ አጭዶበት ይገባል። ጣና ጨዋ ስለሆነ ለመመለስ እስከ ሌላ ክረምት ይታገሣል። የካሮላይናው ባሕር ግን በቀን ሁለት ጊዜ ሸሽቶ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ለማረስ ቀርቶ ለማጉረስም ፋታ የለው።

ይህ የተሰወረ ምሥጢር አይደለም። ሙላቱና ጉድለቱ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሚሆን የአሜሪካ መንግሥት አስቀድሞ አስልቶ በነፃ ያወጣዋል። ባልንጀራዬ ሳይዘው የወጣው ነገር ቢኖር ይኸው ሰንጠረዥ ነው። አይሸጥማ፣ እንዴት ይግዛው!

እንዲያውም ጨርሶ ረስቶታል ማለት ሐሜት ይሆንብኛል። በዋዜማው ማታ እጁ በፕላስቲክ ሽሪምፕ ተይዞ ስለነበር፣ ሶፋው ላይ ስልኳን የምትነካካ ልጁን፣ «የኔ ልጅ፣ ነገ ባሕሩ የሚሞላው በስንት ሰዓት ነው? እስቲ እይልኝ» አላት። ልጅት አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በየቅዳሜው አማርኛ ትማራለች። ስልኳን አየችና ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ «ስድስት ሰዓት ከአሥር» አለች። አባት ደስ አለው። ስለ ባሕሩ ሳይሆን ስለ አማርኛው። «ሰማህ? ‹ከአሥር› አለች እኮ!» አለኝ። እኔም አደነቅሁ። ቀጥሎም ሁለት አዋቂ ሰዎች ቁጭ ብለን አሰላን። ዓሣ ከሚሞላ ውሃ ጋር ወደ ሣሩ ይገባል፤ ስለዚህ ከሙላቱ ሁለት ሰዓት ቀድመን እንግባ፤ ቀትር ላይ ይሞላል፤ እንግዲያው ከረፋዱ አራት ሰዓት። ስሌቱ እንከን አልነበረውም።

አራት ሰዓት ሲሆን ጀልባ ማውረጃው ላይ ደረስን። አንድ ሽማግሌ የሚወረወር መረባቸውን እያጠፉ አገኘን። ባልዲያቸው ሞልቷል። በዚህ ጠረፍ ጉላ ጊቺ የሚባሉ ጥቁር ሕዝቦች ይኖራሉ፤ ቅድመ አያቶቻቸው ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው የመጡ። በዚያ ክፉ ዘመን በየወንዙ ዳር ያለውን የሩዝ ማሳ ያጠጡት በዚሁ በባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው፤ ወንዙን ሽቅብ ሲገፋው በሩን ከፍተው ያስገባሉ፣ ሲመለስ ያፋስሳሉ። እንግዲህ ውሃ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ለሄደ፣ እኚህ ሽማግሌ ነበሩለት። እሳቸው የባልንጀራዬን ስክሪን አዩ፣ ባርኔጣውን አዩ፣ ቦዩን አዩና «ውሃው እየሄደ ነው» አሉ።

«እኛም እየሄድን ነው!» አላቸው ባልንጀራዬ፣ እየሣቀ።

ሽማግሌው ባልዲያቸውን አንሥተው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያልታየ ምልክት አልነበረም። ውሃው ከፊት ለፊታችን ወደ እኛ ይፈሳል፤ ማለት ወደ ባሕር ይወርዳል። እኔ እቀዝፋለሁ፣ ካያኬ ትቆማለች። «የሚሞላ ከሆነ እንዴት ወደ ኋላ ይገፋናል?» ስለው፣ «ይኼ የላይኛው ውሃ ነው፣ ሥር ሥሩን ይገባል» አለኝ። በግራና በቀኝ ያለው ሣር ሥሩ መታየት ጀመረ፤ ከሥሩ በታች ጭቃው፣ ከጭቃው በታች ኦይስተር የሚባለው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ክምር። «ጥርት ያለ ቀን ነው» አለ። ሰው ተሳስቶ እያለ ሳይጠራጠር ሲቀር ውሃው እንኳ ያፍርለታል። ስክሪኑ ግን ሐቀኛ ነበር፤ መጀመሪያ ጥልቀቱን ሦስት ጫማ አለ፣ ቀጥሎ አንድ አለ፣ ከዚያ ዝም አለ።

አምስት ሰዓት ላይ ክንፎቹ ጭቃ ነከሱ። ሃምሳ እርምጃ ያህል ከኋላው ሆኜ የኔም ካያክ ተቀመጠች።

የዚያ አገር ጭቃ ስም አለው፤ ፕላፍ ይሉታል። የሞተው ሣር አየር ሳያገኝ እየበሰበሰ የሚሆነው ነገር ነው፤ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። ባልንጀራዬ ወርዶ ሊገፋ እግሩን አስገባ፤ እስከ ጭኑ ገባለት። ሲያወጣው እግሩ መጣ፣ ጫማው ቀረ። ሁለተኛውን እግር አልሞከረም። በዳርና በዳር ያለው ኦይስተር ጠርዙ ምላጭ ስለሆነ በዚያ በኩል መውጣትም አይታሰብም። እንግዲህ ላይፍ ጃኬታችንን እንደታጠቅን፣ መስጠም በማይቻልበት ቦታ፣ በሁለት ታንኳ ላይ ተቀመጥን።

ውሃው ሲሄድ ባለቤቶቹ ወጡ። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ሸርጣኖች፤ ወንዱ አንዱ መቆንጠጫው ብቻ እንደ አካሉ የገዘፈ ነው፤ ያንን ከፍ ዝቅ እያደረገ ሴቲቱን ይጠራል አሉ። እኛን የሚሰናበቱ ነው የመሰለኝ። ነፋሱም ቆመ፤ ነፋስ ሲቆም ደግሞ ፈረንጆቹ «የማይታዩ» የሚሏቸው ነካሾች መጡ። ስማቸው እውነት ነው፤ አይታዩም።

ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ነበረች፤ ከነልጆቹ ባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ተኝታለች።

«ያዛችሁ?» አለችኝ።

«ተይዘናል» አልኳት።

ነገሩን ከሰማች በኋላ ስልኩን ለባልንጀራዬ ሚስት አቀበለቻት። እሷም ጥቂት ዝም ብላ፣ «ከውሃው ጋር የሚያስታርቃችሁ ሽማግሌ እንላክ?» አለች። ሽማግሌማ ተልኮልን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሬድፊሽ መናገር አለብኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት የሰማሁትን ብቻዬን አልሸከምም። ባልንጀራዬ የመጣው ለእሱ ነው። ቀላ ያለ፣ ጅራቱ ላይ ዓይን የመሰለ ጥቁር ነጥብ ያለው፣ ሙላቱን ተከትሎ ሣሩ ውስጥ ሸርጣን ሲለቅም ጅራቱን ከውሃው በላይ የሚያውለበልብ ዓሣ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ፖል ፕሩዶም የተባለ የሉዊዚያና ምግብ አዋቂ በቅመም ለውሶ ብረት ድስት ላይ ሲያጠቁረው አገሩ ሁሉ ካልበላሁ አለ፤ ዓሣው ሊያልቅ ደረሰ፤ ሕግ ወጣለት። በ2007 ጆርጅ ቡሽ ዘሩ እንዲጠበቅ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ፈርመውለታል። ዛሬም ካነሰ ይመለሳል፣ ከበለጠም ይመለሳል፤ ሜትሩ የተገዛው ለዚህ ነው። ያን ዕለት ፕሬዚዳንቱ ቢያዩን ኖሮ ፊርማቸውን ባላባከኑ ነበር።

ባልንጀራዬ ግን ተስፋ አልቆረጠም። አጠገቡ ኦይስተሩ ሥር የቀረች አንዲት ኩሬ ነበረች፤ መንጠቆውን እዚያ ጣለ። ወዲያው ዘንጉ ጎበጠ። የወጣው ነገር ራሱ ከአካሉ ይበልጣል፤ አፉ ሰፊ፣ አገጩ ላይ የተንጠለጠለ ቁርጥራጭ ሥጋ ያለበት፣ ገላው ዝልግልግ። ካያኳ ላይ ሲያርፍ አጉረመረመ። እውነቴን ነው፤ ድምፅ አለው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ይህን ሳያይ አልቀረም። ባልንጀራዬ እጁን ሰበሰበ፤ የተገዛው መቆንጠጫ ያን ጊዜ ብቻ ሥራ አገኘ። ለካው። መዘነውም። ፎቶ አነሣው። ማታ ቤት ገብቼ ሳነብ ቶድፊሽ የሚባል ነው፣ እንቁራሪት ዓሣ እንደማለት። በፈረንጆቹ 1998 ዘመዶቹ ኮሎምቢያ በተባለችው መንኮራኩር ጠፈር ተልከው ነበር፤ የጆሯቸው ሚዛን ክብደት በሌለበት እንዴት እንደሚሆን ሊጠና። እሱ ጠፈር ደርሷል፤ እኛ ከጀልባ ማውረጃው ግማሽ ኪሎ ሜትር አልራቅንም። ወደ ኩሬው መለሰው።

ስድስት ሰዓት ከአሥር ሲሆን ሁለታችንም ሰዓታችንን አየን። ቦዩ ውስጥ የቀረው ውሃ አንድ ጀበና አይሞላም። ባልንጀራዬ ለረጅም ጊዜ የእጅ ሰዓቱ ላይ እንዳቀረቀረ ቆየና፣ «በአማርኛ ነው ወይስ በእንግሊዝኛ ነው የነገረችን?» አለ።

ሃያ ምናምን ዓመት አሜሪካ ኖረን፣ ሥራ ቦታ በእነሱ ሰዓት ገብተን በእነሱ ሰዓት ወጥተን፣ እርስ በርስ ስናወራ ግን ፀሐይ የምትወጣው አሁንም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት። በሙላትና በጉድለት መካከል ያለውም ስድስት ሰዓት። አንድ ሰዓት ብንሳሳት ጥቂት ዓሣ ይቀርብን ነበር፤ ስድስት ስንሳሳት ግን ባሕሩ ራሱ ቀረብን። ቋንጣ ፍርፍሩን አውጥተን፣ እሱ ከካያኩ እኔ ከካያኬ፣ ተራርቀን በላን። አብረን ሆነን ሳንጎራረስ የበላንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ውሃው የተመለሰው ስምንት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ፣ ይቅርታም ሳይጠይቅ፣ ካያኬን ከሥር አነሣት። በመቅዘፊያዬ ወጣሁ። የባልንጀራዬ ክንፎች ጭቃ ስለጎረሱ አልረገጥ አሉትና በገመድ አሥሬ ጎተትኩት። ይህን ያነሣሁት ለመኩራራት አይደለም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ያዘነልኝን ሰው ውለታ ለመክፈል ነው።

ቤት ስንገባ አባት ልጁን ጠራት። «የኔ ልጅ፣ ስድስት ሰዓት ከአሥር ያልሽው የጠዋቱን ነበር እንዴ?»

«አዎ፣ ኤ ኤም» አለች።

«ታዲያ በአማርኛ ስድስት ሰዓት ቀትር አይደለም?»

ስልኳን አላስቀመጠችም። «አንተ በአማርኛ ጠየቅከኝ፣ እኔም በአማርኛ መለስኩልህ» አለች። እናቷ ወጥ ቤት ሆና ስትሥቅ ይሰማል።

ማታ ሽሪምፕ ገዝተን በላን። በማግስቱ ሙላቱ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ገፍቶ በእነሱ ሰባት ሰዓት፣ በእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ባልንጀራዬ በሁለቱም ቋንቋ ጽፎ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈው። አንድ ሰዓት ሲሆን ሁላችንም ተኝተን ነበር።